የፈረንሳይ ገጠር ለደረሳችሁ፦ ከካንታል ደጋ

ባለፈው ወር አንድ የማላውቀው ልጅ ደወለልኝ። ስልኬን ከማን እንዳገኘው እንጃ። ፓሪስ ዳርቻ ላይ ወራት ሲጉላላ ቆይቶ፣ የጥገኝነት ማመልከቻው እስኪታይ ድረስ ገጠር ያለ መጠለያ ተመድቦለታል። "ጋሼ፣ የላኩኝ ቦታ እኮ ከላም በቀር ምንም የለም" አለኝ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። እኔም ሳላስበው "ስንት ላም?" አልኩት።

የምሬን ነበር የጠየቅኩት። ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል አወራን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያልነገርኩት ነገር እየመጣ እንቅልፍ ነሳኝ። ይህን የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ገጠር ለደረሳችሁ ነው። ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ፣ ሰዓቱን ግን በእኛው አድርጌዋለሁ።

የምኖረው ካንታል በሚባል አውራጃ ነው። ከፈረንሳይ መሀል ትንሽ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ይገኛል። የመላው አውራጃ ሕዝብ 145 ሺህ አይሞላም። የእኔ መንደር ሴን-ፍሉር ከምትባል፣ ገደል አፋፍ ላይ ከተቀመጠች ትንሽ ከተማ ወጣ ብላ ፕላኔዝ በሚሉት ሜዳ ላይ ናት። ነዋሪዋ 200 አይደርስም። ይሄ እዚህ አገር ብርቅ አይደለም። ፈረንሳይ ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ ኮሚዩኖች፣ ማለትም እንደ ቀበሌ ያሉ ትንንሽ የአስተዳደር ክፍሎች አሏት፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ500 ሰው በታች ያላቸው ናቸው። እያንዳንዱ ግን የራሱ ከንቲባና የራሱ ማዘጋጃ ቤት አለው። ሜሪ ይሉታል። የእኛ ሜሪ የሚከፈተው በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ጸሐፊዋ ሌላ ሁለት መንደርም ታገለግላለች። የመክፈቻውን ሰዓት የመጀመሪያው ቀን ላይ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። እኔ ሳላነሳ ቀርቼ ሦስት ጊዜ የተዘጋ በር ገፍቻለሁ።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ከአውቶቡስ ወርጄ ዙሪያዬን ሳይ ደነገጥኩ። ዛፍ የማይበዛበት ሰፊ ሜዳ። የድንጋይ ካብ። የጥቁር ድንጋይ ቤት። ፊት የሚገርፍ ንፋስ። ባና የደረበ ሰው ብቻ ነበር የጎደለው። በኋላ እንደተረዳሁት ነገሩ ዝም ብሎ አልተመሳሰለም። ካንታል የሞተ ትልቅ እሳተ ገሞራ ነው። ፕላኔዝ ደግሞ ከእሱ የፈሰሰው ቅላጭ ድንጋይ ቀዝቅዞ የሠራው ሜዳ ነው። የእኛም ደጋ ባዛልት ነው። ከፍታው ግን አይወዳደርም፤ እዚህ 1000 ሜትር ገደማ ነው፣ ከተራሮቹ ሁሉ ረጅሙ ፕሎም ዱ ካንታልም 1855 ሜትር ነው። ለመንዝ ሰው ይሄ ቆላ ነው። ብርዱን ግን አትጠይቁኝ።

ወደ ሰው ልምጣ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የጠላሁት ቦታውን ሳይሆን ዝምታውን ነው። ማንም አያናግረኝም። መንገድ ላይ ሽማግሌ ሳገኝ እንዳስተማሩኝ አንገቴን ደፍቼ፣ ዓይኔን ሰብሬ አልፋለሁ። አክብሮት መሆኑ ነው። ለካ እነሱ "ይሄ ሰውዬ አኩርፎናል" ሲሉ ኖረዋል። ይህን የነገረችኝ ከአጠገቤ ያለችው ጎረቤቴ ናት። 80 ዓመት ያለፋት ባልቴት ናት። በልቤ እማማ ነው የምላት፣ ፊት ለፊት ግን "ማዳም" እና "እርስዎ" ነው። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ሰላምታ የሚጀምረው መጪው ነው። ዳቦ መሸጫ ስትገቡ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ስትቀመጡ፣ ትራክተር ሲያልፋችሁ፣ ሁሉም ቦታ "ቦንዡር"። ድምፅ አውጥታችሁ። ቦንዡር ሳይሉ ጥያቄ መጠየቅ እዚህ ከስድብ አይተናነስም። እጅ እያነሳሁ ሰላም ማለት በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ደጃፌ ላይ አንድ ፌስታል ድንች ተቀምጦ አገኘሁ። ከማን እንደሆነ እስከዛሬ አላወቅሁም።

"አንተ" እና "እርስዎ" ላይ አትቸኩሉ። እኛ ስለለመድነው ይህ አይከብደንም። ራሳቸው "አንተ በለኝ" እስኪሉ ጠብቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም የቋንቋ አስተማሪ አልነገረኝም። ክፍል ውስጥ "ዲኔ" ማለት እራት ነው ተብለን ተምረናል። እማማ ለመጀመሪያ ጊዜ እሑድ "ዲኔ" ጋበዘችኝ። እኔም ሸሚዝ ተኩሼ፣ አበባ ይዤ፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ አንኳኳሁ። ሴትዮዋ ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምራ ጠብቃኛለች። በገጠር ሽማግሌዎች አፍ "ዲኔ" ምሳ ነው፣ እራት "ሱፔ" ነው። ቀዝቃዛውን ምግብ አሙቃ አበላችኝ፤ አልተቆጣችም። ግን በሳምንቱ መንደሩ በሙሉ ታሪኩን ያውቀው ነበር። ደግሞም ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ድረስ የሰው ቤት አታንኳኩ፣ ስልክም አትደውሉ። የምሳ ሰዓት እዚህ እንደ ቅዳሴ ነው።

ስለ ሳይረኑም ልንገራችሁ፣ በተለይ ጦርነት አይታችሁ ለመጣችሁ። በየወሩ የመጀመሪያው ረቡዕ፣ እኩለ ቀን አካባቢ የአደጋ ሳይረን ይነፋል። ሙከራ ነው። ለመላው አገር ነው። እኔ ሳላውቅ ጠረጴዛ ስር ገብቻለሁ። አትሳቁ።

ቀጥሎ ቤት። ኪራዩ ርካሽ ነው፣ እሱ እውነት ነው። ነገር ግን "ቤቱ በምን ይሞቃል?" ሳትሉ አትፈርሙ። የወፍራም ድንጋይ ቤት በጋ ላይ ገነት ነው፣ ጥር ላይ ጉድጓድ ነው። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሞቅ አሮጌ ቤት ከሆነ፣ በኪራይ ያተረፋችሁትን መብራት ኃይል ይወስደዋል። የእኔ ቤት የእንጨት ምድጃ ነበረው። እንጨት የሚሸጠው በ"ስቴር" ነው፤ ተከምሮ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር። እኔ ኅዳር ላይ ነው ያዘዝኩት። እርጥብ መጣልኝ። ጭስ ብቻ። ለካ እንጨት የሚገዛው ለዘንድሮ አይደለም። ተፈልጦ ሁለት ዓመት መድረቅ አለበት። አሁን ከቤቴ ጀርባ የሦስት ክረምት እንጨት አለኝ። ጎረቤቶቼ ክምሩን አይተው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁልኝ፤ ይህ በካንታል ቋንቋ ትልቅ ሙገሳ ነው። ጭስ ማውጫውንም በየዓመቱ በባለሙያ አስጠርጉ፣ ወረቀቱንም ተቀበሉ። እሳት ቢነሳ ኢንሹራንሱ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

አሁን የምጽፈውን አደራ አንብቡ። በመጀመሪያው የገና በዓል ናፍቆት ሲገድለኝ ቡና ላፍላ አልኩ። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥዬ አስገባሁ። ዕጣን ጨመርኩበት። ብርዱን ለመከላከል የመስኮቱንና የበሩን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ደፍኜዋለሁ። ሦስተኛው ጀባ ሳይደርስ ራሴን አዞረኝ። የደከመኝ መሰለኝ። እማማ እንቁላል ልትሰጠኝ ባትመጣ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። በሩን ከፍታ ጎትታ አወጣችኝ። በ18 ደወለች። ከመጡት እሳት አደጋዎች አንዱ ከሰዓት ትራክተር ላይ ያየሁት ጎረቤት ነበር። እዚህ አብዛኞቹ የእሳት አደጋ ሰዎች በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ዕጣኑ ደግሞ ያታልላል። አገር ቤት ቤታችን ስለሚያስተነፍስ ነው የዳንነው። እዚህ ቡናችሁን በኤሌክትሪክ ምድጃ ቁሉ። ከሰል የግድ ከሆነ ደጅ ይሁን። 15 ሐኪም ነው፣ 18 እሳት አደጋ፣ 112 ሁሉንም ያገናኛል።

መኪና የግድ ነው። አውቶቡሱ የተማሪ ነው፣ ባቡሩም በጣም ጥቂት ነው። መንጃ ፈቃድ እስክታገኙ ድረስ ግን አንድ ቀዳዳ አለ። በሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር የማያልፍ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ ትንሽ መኪና አለ። ከ1988 በፊት የተወለደ ሰው ያለ ምንም ፈቃድ ይነዳዋል። ከዚያ ወዲህ የተወለዳችሁ አጭር ሥልጠና ወስዳችሁ አነስተኛውን ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅባችኋል። ኢንሹራንስ ለሁሉም ግዴታ ነው። እኔ አንድ ዓመት በሱ ተሰቃየሁ። ከኋላዬ አሥር መኪና እያስከተልኩ፣ ሙሽራ መስዬ። በተጓዳኝ የመንገድ ሕጉን አጠናሁ። የጽሑፍ ፈተናው 40 ጥያቄ ነው፣ 35 መመለስ አለባችሁ። ፈረንሳይኛዬን ያሳደገው እሱ ነው ብል አልዋሸሁም። ሌላው፣ ከኅዳር 1 እስከ መጋቢት 31 በፈረንጆቹ፣ በብዙ ተራራማ ኮሚዩኖች መኪና የክረምት ጎማ ወይም ሰንሰለት ሊኖረው ይገባል። ፕላኔዝ ላይ "ኤሲር" የሚሉት ንፋስ አለ። የወደቀውን በረዶ አንስቶ መልሶ ይበትነዋል። መንገዱና ሰማዩ አንድ ይሆናሉ። ያኔ ጎማም አያድን፣ ቤታችሁ ቁጭ በሉ።

ለወረቀት ጉዳይ ሁሉ ዋና ከተማ መሮጥ አያስፈልግም። በየትናንሾቹ ከተሞች "ፍራንስ ሰርቪስ" የሚባል ቢሮ አለ። የግብሩን፣ የቤት ድጎማውን፣ የጤና መድኑን ወረቀት አብረዋችሁ ይሞላሉ። በነጻ ነው። የእኔን ፋይል አንድ ሌላ መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ አጥፍቶታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ያስተካከለችልኝ እዚያ የተቀመጠች ወጣት ናት። ከሁሉ የሚከብደው ሐኪም ነው። አዲስ ታካሚ አንቀበልም ይሏችኋል፤ በእናንተ አይደለም፣ ለፈረንሳዮቹም ያው ነው። በደረሳችሁበት ሳምንት መፈለግ ጀምሩ፣ እስክትታመሙ አትጠብቁ።

እንግዲህ ስለ ሥራ። ከተማ ሳለሁ "ምን ትችላለህ?" ሲሉኝ "ምንም" እል ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ከብትና በግ ማገዴን እንደ ሙያ አልቆጥረውም። ለሥራ ማመልከቻ ወረቀት ላይ "እረኛ" ተብሎ ይጻፋል እንዴ? እዚህ ግን ይጻፋል። ለጎልማሶች የሚሆን የግብርና ማሠልጠኛ ገብቼ ወረቀቴን ያዝኩ፤ ከዚያ "ሰርቪስ ደ ራምፕላስማን" በሚባለው በኩል ተቀጠርኩ። ገበሬው ሲታመም፣ ሚስቱ ስትወልድ፣ ወይም አንድ ሳምንት ላርፍ ሲል የሚተካው ሰው ነኝ። ላም በዓል አታውቅም፣ በየቀኑ ሁለቴ መታለብ አለባት። ስለዚህ ሥራ አይጠፋም። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። ውል በጽሑፍ ሳትይዙ አንድ ቀን እንኳ አትሥሩ፤ የእርሻ ሠራተኛ መድን "ኤምኤስአ" የሚባለው ስለሆነ እዚያ መመዝገባችሁን አረጋግጡ። እኔ መጀመሪያ ላይ በቃል ብቻ ተስማምቼ የድርቆሽ ወቅቱን ሙሉ ለአንድ ሰው ለፍቼ ግማሹን ሳይከፍለኝ ቀርቷል። ማስረጃ ስላልነበረኝ ዝም አልኩ። ጥገኝነት የጠየቃችሁ ደግሞ የሥራ ፈቃድ ሳታገኙ እንዳትገቡበት፣ በጉዳያችሁ ላይ እንዳይመጣባችሁ።

አንድ ጠዋት ሳሌር የሚያልቡ አንድ ሽማግሌ ጋ ተላክሁ። ሳሌር የዚህ አገር ላም ናት። ቀለሟ ጥቁር ቀይ፣ ፀጉሯ ጥቅልል፣ ቀንዷ እንደ በገና ወደ ላይ የተዘረጋ። ዛሬ አብዛኞቹ የሚረቡት ለሥጋ ነው፤ የሚያልቧቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ ቀርተዋል። ምክንያቱም ሳሌር ጥጃዋን ካላየች ወተት አታወርድም። ሽማግሌው ጥጃውን በስሙ ጠሩት። ሮጦ መጣ፣ ትንሽ ጠባ። ከእናቱ የፊት እግር ጋር አሰሩት። ከዚያ ከኪሳቸው ጨው አወጡና ጀርባው ላይ በተኑበት። ላሟ ጥጃዋን እየላሰች ወተቷን ለቀቀች።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። የእኛ ቤት ላም ጥጃዋ ሲሞትባት አባቴ ቆዳውን ገለባ ሞልቶ፣ ጨው ረጭቶበት ፊቷ ያቆምላት ነበር። እሷም እየላሰች ትታለባለች። በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ ይህን ነገርኳቸው። ሽማግሌው ባልዲያቸውን አስቀመጡ። "ቀጥል" አሉኝ። አንድ ሰዓት ያህል አስወሩኝ፤ አሞሌ ምን እንደሆነ፣ እናቴ የወተት ቅሏን በወይራ እንዴት እንደምታጥን። እሳቸው ደግሞ "ዠርል" የሚሉትን የእንጨት በርሜል አሳዩኝ። ሳሌር የሚባለው አይብ ወተቱ በዚህ በርሜል ሊጠራቀም ግድ ነው። የሚሠራውም ከሚያዝያ 15 እስከ ኅዳር 15 ብቻ ነው፣ ላሞቹ ሣር በሚግጡበት ጊዜ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአካባቢው ስሜ ተቀየረ። "ስደተኛው" መባሌ ቀርቶ "የጨው ነገር የሚያውቀው ልጅ" ሆንኩ። የ39 ዓመት ልጅ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ላሞቹ ወደ ተራራው ግጦሽ ይወጣሉ፤ ጥቅምት ላይ ይወርዳሉ። ያን ጊዜ መንደሩ ውስጥ ብትኖሩ መስኮት ከፍታችሁ ስሙ። ደወሉ ከሩቅ ሲመጣ ሆድ ያባባል። ሰኔና ሐምሌ አጨዳ ነው። የድርቆሹ ሽታ ልብስ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ እኔ አላጥበውም። ማታ ትራክተሩ እስከ 5 ሰዓት ይሠራል። "ድምፁ ረበሸኝ" እንዳትሉ። በ2021 የገጠርን ድምፅና ሽታ እንደ ቅርስ የሚጠብቅ ሕግ ወጥቷል። ከዚያ በፊት ኦሌሮን በምትባል ደሴት ሞሪስ የተባለ አውራ ዶሮ በጩኸቱ ተከስሶ በ2019 ፍርድ ቤት አሸንፏል። ዶሮ ጠበቃ የሚያቆምበት አገር ነው።

ሜዳ ለመሄድ ስትወጡ የከፈታችሁትን የግጦሽ በር መልሳችሁ ዝጉ። ይህን ያልዘጋ ሰው ለዓመታት ይታወሳል። ከመስከረም እስከ የካቲት መጨረሻ አደን አለ። "አደን ላይ ነን" የሚል ምልክት ካያችሁ ተመለሱ፣ ካልሆነ ብርቱካናማ ሰደርያ ልበሱ። ከርከሮና እናንተን በጭጋግ ውስጥ ለመለየት ጊዜ ላይኖር ይችላል። እንጉዳይ ከለቀማችሁ ሳትበሉ ፋርማሲ አሳዩት።

ስለ ምግብ አትጨነቁ። ፕላኔዝ የምስር አገር ነው። የሴን-ፍሉር ብጫ ምስር ለዓመታት ጠፍቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው እንደገና መዘራት የጀመረው። ቆዳው ስስ ነው፣ ሳይዘፈዘፍ ይበስላል። የሁዳዴን ጾም የማሳልፈው በሱ ነው። ጎረቤቶቼ 55 ቀን ያለ አይብ መኖሬን ሲሰሙ ሐኪም ሊጠሩልኝ ነበር። ለእንጀራ ጤፍ ካጣችሁ "ሳራዘን" የሚሉትን ጥቁር ዱቄት ግዙ። የአውራጃችን ዋና ከተማ ኦሪያክ አካባቢ ከሱ "ቡሪዮል" የሚባል፣ ቦክቶ የሚጋገር ቂጣ ይሠራሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ዓይኑን ፈለግሁበት። አለው! እርሾውን ሦስት ቀን ካቆያችሁት ወደ እኛው ይጠጋል። የእናት እንጀራ ግን አይደለም፣ እንዳትጠብቁ። የፍልውሃ ናፍቆት ካለባችሁ ደግሞ ሾድ-ዜግ ወደምትባለው ትንሽ ከተማ ሂዱ። ውኃው ከመሬት ሲወጣ 82 ዲግሪ ነው፤ በድሮ ዘመን በቱቦ ወደ ሰው ቤት ገብቶ ያሞቅ ነበር።

ኅዳር 11 ቀን መንደሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ያለው ሐውልት ጋ ይሰበሰባል። በ1914-1918 ጦርነት የሞቱት ስም ተቀርጾበታል። ልጆች ስሙን አንድ በአንድ ያነባሉ፣ ሕዝቡ "ለፈረንሳይ ሞተ" ይላል። አንድ የቤተሰብ ስም አራት ጊዜ ይደጋገማል። የእኛ መንደር ዛሬ ያለው ጎልማሳ ወንድ በሐውልቱ ላይ ካለው አይበልጥም። ሥነ ሥርዓቱ ላይ ሂዱ። ዝም ብላችሁ ቁሙ። ማንም አይጠራችሁም፣ መምጣታችሁን ግን ሁሉም ያያል። ከዚያ ሜሪ ውስጥ ወይን ይቀዳል። ኩማ ስለሚባለው የሰማሁት እዚያ ቆሜ ነው። ገበሬዎች ማጨጃውን፣ ማሰሪያውን በጋራ ገዝተው በተራ የሚጠቀሙበት ማኅበር ነው። ወንፈል ማለት ነው፣ በብረት።

ክረምቱ ረጅም ነው፤ እሱን አልዋሽም። ታኅሣሥ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ይጨልማል። መጀመሪያ ዓመት ስልኬን አቅፌ ነበር የማመሸው። አሁን ቅዳሜ ማታ የመንደሩ አዳራሽ "ቤሎት" የሚባል ካርታ እጫወታለሁ። ሽልማቱ የአሳማ እግር ነው፤ ጾም ላይ ሲሆን ለእማማ እሰጣታለሁ። አጋሬ እሷው ናት። ሰባት ዓመት ሙሉ ስንሸነፍ የምትቆጣው እኔን ነው። ማዳም ማለቱን አቁም ብላኛለች፣ ምላሴ ግን እምቢ አለኝ።